6 በመቶ የተባለው ካርድ 1 በመቶ ሲመልስ፦ የአንድ ቤተሰብ የካሽ ባክ ካርድ ምርጫ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚኖሩ ባልና ሚስት በሱፐርማርኬት ከሚያወጡት 6 በመቶውን በገንዘብ የሚመልስ (ካሽ ባክ የሚሰጥ) ክሬዲት ካርድ ነበራቸው። የአንድ ዓመት ሂሳባቸው ሲጠቃለል ካርዶቻቸው ከሰጧቸው ይልቅ የወሰዱባቸው በ427 ዶላር በልጦ ተገኘ። ካርዱ ቃሉን አላጠፈም፤ በውሉ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ከፍሏል። የተሠራው ግን እነሱ ከሚገበያዩበት መንገድ በጣም ለተለየ ቤተሰብ ነበር።

በግብር ወቅት የወገኖቻችንን ሰነድ ሳግዝ ይህንኑ ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። ስለዚህ ሁለቱን አስፈቅጄ፣ ስማቸውን ትቼ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሆነውን ጽፌዋለሁ። የወጪ ቁጥሮቹ ወርኃዊ አማካይ ናቸው፤ ለስሌት እንዲመቹ በአስር ዶላር ተጠጋግተዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቤተሰቡ ሁኔታ

ባልየው በገዛ መኪናው በራይድ ሼር (በአፕ እየተጠራ ሰው በማመላለስ) ይሠራል። ሚስትየዋ ሆስፒታል ውስጥ ነርሲንግ አሲስታንት ናት። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ የሚስትየዋ እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ።

የቤት ኪራይና ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ሳይቆጠር በወር 2,500 ዶላር ያወጣሉ። ትልቁ ወጪ ኮስኮ የተባለው የአባላት ጅምላ መደብር ነው፤ 520 ዶላር። ለነዳጅ 480 ዶላር ይሄዳል። እንጀራ፣ ሥጋ፣ በርበሬና ጤፍ ከሁለት የሐበሻ ሱቆች በ310 ዶላር ይገዛሉ። እንደ ጃይንትና ሴፍዌይ ባሉ ሱፐርማርኬቶች 180፣ በዋልማርት 160፣ ምግብ ቤት 130 ዶላር ያወጣሉ። የመኪና ኢንሹራንስ 210፣ ስልክ 140፣ ኢንተርኔት 70 ዶላር ነው። ቀሪው 300 ዶላር ለልብስ፣ ለመድኃኒትና ለልጆቹ ልዩ ልዩ ነገር የሚውል ሲሆን ከእሱ ውስጥ 100 ያህሉ ኢንተርኔት ላይ የሚገዛ ነው።

በእጃቸው ሁለት ካርድ ነበር። አንዱ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ብሉ ካሽ ፕሪፈርድ ነው። በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች በዓመት እስከ 6,000 ዶላር ግዢ ድረስ 6 በመቶ፣ በነዳጅ 3 በመቶ፣ በሌላው 1 በመቶ ይመልሳል፤ ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር ነው። ያወጡት የሚስትየዋ የሥራ ባልደረባ «ለቤተሰብ ከዚህ የተሻለ የለም» ብላ ስለመከረቻት ነው። ምክሩ ለባልደረባዋ ቤት ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ምንም የማይመልስ የቆየ የባንክ ቪዛ ካርድ ሲሆን የብድር ጣሪያው 3,000 ዶላር፣ በላዩ ያደረው ዕዳ 2,400 ዶላር ነበር።

ችግሩ

ሚስትየዋ ስቴትመንቱን (የካርዱን ወርኃዊ የሂሳብ መግለጫ) ይዛ ስትመጣ ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ «ጋሼ፣ የምንገዛው ምግብ አይደለም እንዴ? ለምን 1 በመቶ ብቻ ይሰጡናል?»

መልሱ ካርድ በሚቀበል ነጋዴ ሁሉ ላይ በተለጠፈ ባለ አራት አሃዝ መለያ ቁጥር ውስጥ ነው። ቁጥሩ የሚመደበው ሱቁ የካርድ ክፍያ አገልግሎት ሲገባ፣ ሥራው ምንድን ነው ተብሎ በሚመዘገብበት ጊዜ ነው። 5411 ግሮሰሪና ሱፐርማርኬት ነው። 5812 ምግብ ቤት ነው። 5300 እንደ ኮስኮ ያለ የአባላት ጅምላ መደብር ነው። 5541 እና 5542 የነዳጅ ማደያ ናቸው። ካርዱን የሰጠው ድርጅት የሚያየው ይህን ቁጥር ነው እንጂ ዘንቢሉ ውስጥ ያለውን አይደለም። ከምግብ ቤት የተገዛ ጥሬ ሥጋ የምግብ ቤት ወጪ ነው፤ ከኮስኮ የተገዛ ሽንኩርትም የሱፐርማርኬት ወጪ አይባልም።

የእነሱ ወጪ በዚህ ዓይን ሲታይ እንዲህ ሆነ። ኮስኮ በአሜሪካ መደብሮቹ ከ2016 ወዲህ ከክሬዲት ካርዶች ቪዛን ብቻ ስለሚቀበል አሜሪካን ኤክስፕረስ እዚያ አይሠራም። ትልቁን ወጪያቸውን በዴቢት (ከባንክ ሂሳባቸው በቀጥታ በሚቆርጥ ካርድ) ነበር የሚከፍሉት። ዋልማርት ደግሞ በዚህ ካርድ ውል ከሱፐርማርኬት አይቆጠርም፤ 1 በመቶ። ከሁለቱ የሐበሻ ሱቆች አንዱ ግሮሰሪ ተብሎ የተመዘገበ ስለሆነ በወር 110 ዶላሩ 6 በመቶ ያገኝ ነበር። ሌላው ሥጋ ቤትም፣ ክትፎና ቡና የሚቀርብበት ቤትም ነው፤ የተመዘገበው በምግብ ቤትነት ስለሆነ በወር 200 ዶላሩ 1 በመቶ ብቻ ያገኛል። እኛ ዘንድ አንድ ጣሪያ ሥር ሱቅ፣ ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት አብረው መሥራታቸው የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ይህ ነጥብ ከማንም በላይ እኛን ይነካናል።

ባልየው ደግሞ ክሬዲት ካርድን ስለሚፈራ ነዳጅ የሚቀዳው በዴቢት ነበር። ኢንሹራንስ፣ ስልክና ኢንተርኔትም በቀጥታ ከባንክ ነበር የሚከፈሉት። በዚህ ምክንያት 6 በመቶ ያገኘው ወጪ በወር 290 ዶላር ብቻ ነው። በዓመት የተመለሰላቸው 303.60 ዶላር ሲሆን 95 ሲቀነስ 208.60 ይቀራል።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላኛው ካርድ ላይ የነበረው ነው። ከ2,400 ዶላሩ ግማሹ አባቷ አዲስ አበባ ታመው በነበረ ጊዜ በገንዘብ መላኪያ አፕ በካርዱ የላከችው ነው። ባንኩ ይህን እንደ ግዢ ሳይሆን እንደ ካሽ አድቫንስ፣ ማለትም በካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር ቆጠረው። 5 በመቶ፣ ማለትም 60 ዶላር ወዲያው ተቆረጠ። ካሽ አድቫንስ ወለድ የማይታሰብበት የእፎይታ ጊዜ ስለሌለው ወለዱ ከዚያው ቀን ጀመረ፤ መጠኑም በዓመት 29 በመቶ ነበር። በተቀረው ግማሽ ላይ 24 በመቶ ይታሰባል። ሁለቱ ተደምረው በወር 53 ዶላር፣ በዓመት 636 ዶላር። ከዝቅተኛው ክፍያ ብዙም ከፍ አድርገው ስለማይከፍሉ ዋናው ዕዳ ከቦታው አይነቃነቅም ነበር። በ2009 በወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ መሠረት ከዝቅተኛው ክፍያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ መጀመሪያ ከፍተኛ ወለድ ወዳለበት ዕዳ መሄድ አለበት፤ ዝቅተኛውን ብቻ ለሚከፍል ሰው ግን ይህ ጥበቃ አይደርሰውም።

208.60 ገቢ፣ 636 ወጪ። የ427 ዶላሩ ኪሳራ ይህ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

*ዕዳው መጀመሪያ።* ሁለቱም የመጡት «የቱን ካርድ እናውጣ?» ብለው ነበር። ወለዱ ሳይቆም ስለ አዲስ ካርድ ማውራት ትርጉም እንደሌለው ለማሳየት ከላይ ያለውን ስሌት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። ሚስትየዋ የምትጥለው ዕቁብ በ2023 መገባደጃ ላይ ደርሷት 3,000 ዶላር ወጣላት። ገንዘቡ የታሰበው ለባልየው መኪና መለወጫ ነበርና ክርክር ነበረበት። ያሳመናቸው ዕቁቡ ወለድ የሌለው መሆኑ ነው፤ የቀረውን ዕጣ እየጣሉ መክፈል አንድ ሳንቲም አይጨምርባቸውም፤ የካርዱ ዕዳ ግን በየወሩ 53 ዶላር ይበላል። 2,400ው በአንድ ጊዜ ተከፈለ።

*ወጪውን በሱቅ ስም መደርደር።* የስድስት ወር ስቴትመንት ወስደን «ምግብ»፣ «ልብስ» ሳንል በየሱቁ ስም ደመርን። ቁጥራቸው ያልታወቀ ሱቆች ላይ ሚስትየዋ በካርዱ ትንሽ ነገር እየገዛች አፑ ላይ በምን ዘርፍ እንደመጣ አየች። የሥጋ ቤቱ ጉዳይ የተገለጠው በዚህ መንገድ ነው።

*አማራጮቹን በእነሱ ቁጥር ማስላት።* የስልኩን ሂሳብ ከስሌቱ አወጣነው። ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ለአውቶ ፔይ (ሂሳቡ በየወሩ በራሱ እንዲከፈል ለሚያደርግ) የሚሰጡት ቅናሽ ብዙውን ጊዜ በባንክ ሂሳብ ወይም በዴቢት ለሚከፍል ነው፤ 1 ወይም 2 በመቶ ለማግኘት ሲባል ይህን ቅናሽ ማጣት ኪሳራ ነው። የቤት ኪራዩም በካርድ ሲከፈል ወደ 3 በመቶ ተጨማሪ ስለሚጠየቅበት ቀረ። የተረፈው በወር 2,360 ዶላር ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ በሁሉም ቦታ 2 በመቶ የሚመልስ አንድ ካርድ ነበር። የሲቲ ደብል ካሽና የዌልስ ፋርጎ አክቲቭ ካሽ የታወቁት ናቸው፤ ሁለቱም ዓመታዊ ክፍያ የላቸውም። ደብል ካሽ ማስተርካርድ ስለሆነ ኮስኮ አይገባም። አክቲቭ ካሽ ቪዛ ነው። ሁሉንም በእሱ ቢከፍሉ በዓመት 566.40 ዶላር ያገኛሉ።

ሁለተኛው የኮስኮ ቪዛ ካርድ ነው። በዚያን ጊዜ በነዳጅ በዓመት እስከ 7,000 ዶላር ድረስ 4 በመቶ፣ በምግብ ቤትና በጉዞ 3፣ በኮስኮ 2፣ በሌላው 1 በመቶ ይመልስ ነበር። አባልነቱ አስቀድሞ ስላላቸው ሌላ ክፍያ የለውም። የባልየው ነዳጅ በዓመት 5,760 ዶላር ስለሆነ ጣሪያውን አይነካም። 6 በመቶው ካርድ ላይ ጉዳት የነበረው የሥጋ ቤቱ ምዝገባ እዚህ ጥቅም ሆነ፤ እንደ ምግብ ቤት 3 በመቶ ያገኛል። ከነዳጅ 230.40፣ ከኮስኮ 124.80፣ ከምግብ ቤትና ከሥጋ ቤቱ 118.80 ዶላር ይመጣል። ዋልማርት፣ ኢንሹራንስ፣ ኢንተርኔትና የተቀረው ሲጨመሩ ሌላ 76.80 ዶላር ይገኛል።

የቀረው የሱፐርማርኬቱ 290 ዶላር ነው። አሜሪካን ኤክስፕረስ ዓመታዊ ክፍያ የሌለው ብሉ ካሽ ኤቭሪዴይ የሚባል ካርድ አለው፤ በሱፐርማርኬት እስከ 6,000 ዶላር ድረስ 3 በመቶ፣ ኢንተርኔት ላይ ለሚገዛም 3 በመቶ ይመልሳል። 6 በመቶው ካርድ ከ3 በመቶው የሚሻለው የ95 ዶላሩን ክፍያ የሚሸፍን ልዩነት ሲያመጣ ነው፤ ይኸውም በዓመት ከ3,167 ዶላር በላይ፣ በወር ከ264 ዶላር በላይ በሱፐርማርኬት ሲወጣ ነው። እነሱ 290 ያወጣሉ። ልዩነቱ በዓመት 9.40 ዶላር ብቻ ሆነ። ኢንተርኔት ላይ የሚገዙት በዓመት 36 ዶላር ስለሚያስገኝ ክፍያ የሌለው ካርድ አሸነፈ።

ሁለቱ ካርዶች ተጣምረው በወረቀት ላይ 691.20 ዶላር ይሰጣሉ። ከአንዱ የ2 በመቶ ካርድ በ125 ዶላር ይበልጣል። ሦስተኛ ካርድ ጨምረን 1 በመቶ የሚያገኘውን ወጪ ወደ 2 በመቶ ማሳደግ ይቻል ነበር፤ ጥቅሙ 77 ዶላር ገደማ ነው። ባልየው ሦስተኛ ካርድ አልፈልግም አለ፤ እኔም አልተከራከርኩትም።

*ማመልከት።* ዕዳው እንደተከፈለ ወዲያው አላመለከቱም። የካርድ ድርጅቶች ዕዳውን የሰዎችን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ክሬዲት ቢሮዎች የሚያሳውቁት ብዙውን ጊዜ ስቴትመንት ሲዘጋ ነው። ፊኮ በሚባለው የብድር ነጥብ ስሌት ውስጥ 30 በመቶውን የሚይዘው ያለብን የዕዳ መጠን ነውና፣ ከ3,000 ጣሪያ 2,400 የተያዘበት ካርድ ባዶ መሆኑ መዝገብ ላይ እስኪታይ ጠበቁ። የኮስኮውን ካርድ በጥር 2024 መጨረሻ አመለከቱ፤ ተፈቀደ። ብሉ ካሽ ፕሪፈርድን አልዘጉትም፤ ቀጣዩ ዓመታዊ ክፍያ ከመታሰቡ በፊት ደውለው ወደ ኤቭሪዴይ አስቀየሩት። በዚህ መንገድ የሚቀየር ካርድ የአዲስ ደንበኛ ቦነስ አያስገኝም፤ የካርዱ ዕድሜ ግን ይቀጥላል። የቆየውን የባንክ ቪዛም ክፍያ ስለሌለው ሳይዘጉ፣ አንድ ትንሽ ወርኃዊ ክፍያ ብቻ እየወጣበት በአውቶ ፔይ ተዉት።

የሠራው

በዓመቱ መጨረሻ ከኮስኮ ካርድ ወደ 500 ዶላር፣ ከኤቭሪዴይ 126 ዶላር አገኙ። ዕዳው ሲዘጋ ከመጣው ትንሽ ቀሪ ወለድ በቀር ወለድ የሚባል ነገር አልከፈሉም። ካለፈው ዓመት ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ቤቱ በ1,053 ዶላር ተሻሽሏል። ከዚህ ውስጥ 636ቱ ወለዱ በመቆሙ የመጣ ነው። ካርድ መምረጥ ያመጣው ከግማሽ በታች ነው።

ሁሉም ካርዶች ሙሉውን ሂሳብ በአውቶ ፔይ እንዲከፍሉ መደረጋቸው ከሁሉ ይልቅ ጠቅሟል። አውቶ ፔይ ሲሞላ «ዝቅተኛውን» እና «ሙሉውን» የሚሉ ምርጫዎች አሉ፤ ሙሉው ካልተመረጠ ወለዱ ተመልሶ ይመጣል። ባልየው በየሳምንቱ የሚያገኘውን ገቢ ከዚህ ሂሳብ ጋር ለማጣጣም የክፍያው ቀን ከወሩ አጋማሽ በኋላ እንዲሆን አስለውጧል።

ተደጋግሞ ይነሳ የነበረው «የትኛው ካርድ የት?» የሚለው ጥያቄም ቀለለ። ኤቭሪዴይ በሚስትየዋ ቦርሳ ለሱፐርማርኬት፣ ለግሮሰሪ የተመዘገበው የሐበሻ ሱቅና ለኢንተርኔት፣ የኮስኮው ካርድ ለሌላው ሁሉ ሆነ።

ያልሠራው

ነዳጁ እንደታሰበው አልሄደም። ባልየው የለመደው ማደያ ለካርድና ለጥሬ ገንዘብ የተለያየ ዋጋ አለው፤ በጋሎን 10 ሳንቲም ይለያያል። ጋሎኑ 3.30 ዶላር በሆነበት ጊዜ ይህ 3 በመቶ ማለት ነው። 4 በመቶ ለማግኘት 3 በመቶ ጨምሮ እየከፈለ ነበር። ሲረዳው ሁለት ወር በጥሬ ገንዘብ ቀዳ፤ ከዚያ ዋጋው አንድ የሆነ ማደያ አገኘ። የኢንሹራንሱን ክፍያ ወደ ካርድ ማዛወሩም ግማሽ ዓመት ዘገየ። ከታሰበው 691 ዶላር ወደ 626 የወረደው በእነዚህና በጥቃቅን ነገሮች ነው።

የኮስኮ ካርድ ተመላሽ በየወሩ አይገኝም። በዓመት አንዴ፣ ከየካቲት ወር ስቴትመንት ጋር በሰርተፊኬት መልክ ይመጣል፤ የሚመነዘረውም ኮስኮ ውስጥ ነው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይረዳናል ብለው አስበው ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ምንም እንዳላገኙ ሆኖ ተሰማቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች የኮስኮ ወጪያቸው ከ520 ወደ 610 ዶላር ከፍ አለ። «ይመለሳል» የሚለው ሐሳብ እጅ ያላላል። 90 ዶላር ጨምሮ ያወጣ ሰው የሚመለስለት 1.80 ዶላር ነው። ባልና ሚስቱ ለግዢ ከመውጣታቸው በፊት እናትየዋ የሚጎድለውን በወረቀት ማስያዝ ጀመሩና ወጪው ወደ ቦታው ተመለሰ። በቤቱ ውስጥ ካርድ የሌላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ለካርዱ ስኬት ግን ትልቁን ሥራ የሠሩት እሳቸው ይመስሉኛል።

ዕዳው ከተዘጋ በኋላም በሚቀጥለው ስቴትመንት ላይ ወደ 20 ዶላር የሚጠጋ ወለድ መጣ። ስቴትመንቱ ከተዘጋበት እስከ ተከፈለበት ቀን የተጠራቀመ ቀሪ ወለድ ነው። ሚስትየዋ «ጨርሻለሁ» ብላ ሳትከፍተው ብታልፍ ኖሮ የዘገየ ክፍያ ሆኖ ይመዘገብ ነበር።

ለሌሎች የሚተርፍ

ዕዳ እያደረበት ያለ ሰው ካሽ ባክ አይፈልግ። ከ20 በመቶ በላይ ወለድ የሚከፍል ሰው 6 በመቶ ቢያገኝም ተጎጂ ነው፤ ስድስቱ የሚሰላው በወሩ ግዢ ላይ ሲሆን ወለዱ ደግሞ ባደረው ዕዳ ሁሉ ላይ በየቀኑ ነው። የዚህ ሰው ምርጥ ካርድ ዝቅተኛ ወለድ ያለው ነው።

ዕዳ የሌለበት ሰው ደግሞ የካርዱን ማስታወቂያ ከማየቱ በፊት የራሱን ስቴትመንት በሱቅ ስም ይደርድር። የሐበሻ ሱቆችን መለያ በስም መገመት አይቻልም፤ ትንሽ ነገር ገዝቶ አፑ ላይ ማየት ብቻ ነው መፍትሔው። ሱቁ የካርድ ማንበቢያውን ሲቀይር መለያውም ሊቀየር ስለሚችል በዓመት አንዴ ደግሞ ማየት ደግ ነው።

ካርድ መለዋወጥ ለማይወድ ወይም ቀን ለሚረሳ ሰው እኔ አንድ የ2 በመቶ ካርድ እመርጥለታለሁ። በዚህ ቤተሰብ እንኳ በወረቀት ላይ የነበረው ብልጫ በወር 10 ዶላር ገደማ ነው፤ አንድ የዘገየ ክፍያ ቅጣት የሦስት ወሩን ይወስደዋል። ኮስኮ የሚገበያይ ከሆነ ካርዱ ቪዛ መሆኑን አስቀድሞ ይመልከት። በየሦስት ወሩ ዘርፍ እየቀያየሩ 5 በመቶ የሚመልሱት፣ እንደ ዲስከቨር ኢት ያሉት፣ በየሩብ ዓመቱ መመዝገብ ይጠይቃሉ፤ ጣሪያቸውም በሩብ ዓመት 1,500 ዶላር ነው። ለሚከታተል ጥሩ ናቸው፤ ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ግን አልመክርም።

ስለ ግብር ብዙዎች ይጠይቁኛል። ለግል ግዢ የሚመለስ ካሽ ባክ እንደ ዋጋ ቅናሽ ስለሚቆጠር ገቢ ተብሎ አይመዘገብም። እንደ ባልየው በመኪናው የሚሠራ ሰው የግብር ወጪውን ለአንድ ማይል በተወሰነው ተመን የሚያሰላ ከሆነ ነዳጁን ለብቻው ስለማይቀንስ የካርዱ ተመላሽ ስሌቱን አይነካበትም። ትክክለኛ ወጪውን የሚቀንስ ከሆነ ግን የተመለሰለትን ከነዳጁ ወጪ ላይ ማንሳት አለበት።

ወደ አገር ቤት ገንዘብ ሲላክ ከባንክ ሂሳብ ወይም በዴቢት ይሁን። ሚስትየዋ አሁን የምትልከው እንደዚያ ነው። በዚህ ክረምት ቤተሰቡ አዲስ አበባ ለመሄድ እየተዘጋጀ ስለሆነ ስለ ካርዶቹም ተነጋግረናል። ኤቭሪዴይ ከአሜሪካ ውጭ በሚደረግ ግዢ ላይ 2.7 በመቶ ስለሚያስከፍል እዚሁ ይቀራል። የኮስኮው ቪዛ ይህ ክፍያ ስለሌለው ለሆቴልና ካርድ ለሚቀበሉ ትልልቅ ቦታዎች ይዘውት ይሄዳሉ። ከኤቲኤም ብር ለማውጣት ግን የሚይዙት ዴቢቱን ነው፤ በክሬዲት ካርድ ማውጣት እንደገና ካሽ አድቫንስ ነውና።